ተራ የሚጠብቅ መርዝ

ይህ የአውሬዎች ጨዋታ ያስወጣኝን አስቀድሜ ልናገር። አንድ ያገለገለ የእጅ ጌም፣ የአንድ ክረምት ገበያ ግማሹን፣ ለአዲስ መደርደሪያ ያሰብሁትን የሱቄን ጥግ፣ ከሚስቴ ጋር የነበረኝን ሰላም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከታላቅ ወንድሜ ገላ ላይ ተመልሶ የማይበቅል ነገር። ምን አተረፍህ ለሚለኝ ቶሎ የምመልሰው የለኝም። ነጋዴ ነኝ፤ ትርፉ ያልታወቀ ነገር በእጄ ሲቆይ ያመኛል፤ ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሱቄ ጎንደር ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚገበያይባት የቆርቆሮ ክፍል ናት። የምሸጠው ሌላው ሰው የሰለቸውን ነው፤ ያገለገለ ስልክ፣ ሪሞት፣ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ። ዕቃው በጆንያ ታስሮ ይመጣል። ሳትፈታው ትገዛለህ፤ ስትፈታው ምን እንደ ገዛህ ታውቃለህ፤ ያን ጊዜ ሻጩ መተማ ደርሷል። ከአንዱ ጆንያ መዳፍ የምታህል፣ ጠርዟ የተፋቀ ሰማያዊ የእጅ ጌም ወጣች። ቻርጅ ሳደርጋት ነቃች። ትንሽ ዜማ አሰማችና አንድ አረንጓዴ አገር ከፈተችልኝ፤ ረጅም ሣር፣ ቀጭን መንገድ፣ ሣሩ ውስጥ የሚሸሸጉ አውሬዎች። እንግሊዝኛዬ ከካርቶን ላይ የተለቀመ ቢሆንም፣ ገዢ መጥቶ ቢጠይቀኝ እንዳላፍር ብዬ አጨዋወቷን ተማርሁ። ገዢው እስከ ዛሬ አልመጣም።

አውሬዎቹ የሚዋጉት በተራ ነው። አንተ ታዝዛለህ፣ ያንተ ይመታል፤ ቀጥሎ የባላጋራህ ተራ ነው። እስክታዝዝ ድረስ ማንም ማንንም አይነካም። ሄደህ ምሳህን በልተህ፣ ከጎረቤት ተጣልተህ፣ ታርቀህ ብትመለስ ሁለቱ እንደ ተፋጠጡ ይጠብቁሃል። እኔን መጀመሪያ የማረከኝ ይሄ ነው። ገበያ ላይ እንዲህ የሚጠብቅ ነገር አይቼ አላውቅም።

ሽንፈቱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መመታት ነው፤ በተመታህ ቁጥር ከአውሬው ራስ በላይ ያለው የነፍስ መስመር እያጠረ ይሄዳል፣ ሲያልቅ አውሬው ይወድቃል። ሌላው ግን ዝግ ያለ ነው። ባላጋራው አይመታህም፤ ትንፋሽ ይነፋብሃል፣ ዱቄት ይበትንብሃል፣ ወይም ዝም ብሎ ያይሃል። ከዚያ ወዲያ በአውሬህ ስም አጠገብ አንዲት ባለቀለም ምልክት ትለጠፋለች። የተመረዘ በየተራው መጨረሻ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። የተቃጠለም እንዲሁ ይጎድላል፣ ክንዱም ዝሎ በግማሽ ጉልበት ይመታል። ሰውነቱ የታሰረ ታዝዘዋለህ፣ አንዳንዴ ከቦታው ሳይነቃነቅ ተራህ ያልፋል። የቀዘቀዘ በረዶ ውስጥ ቆሞ ያይሃል። የተኛ ደግሞ ይተኛል፤ ይደበደባል እንጂ አይሰማም። እንቅልፍና በረዶ ጊዜያቸው ሲደርስ በራሳቸው ይለቃሉ። ሌሎቹ መድኃኒት ካልተገዛላቸው ከውጊያው በኋላም አብረውህ ይሄዳሉ።

አንድ ሕግ ቀረኝ። አንድ አውሬ ከእነዚህ ምልክቶች የሚሸከመው አንዱን ብቻ ነው። የተኛው አይመረዝም፣ የተመረዘው አይቃጠልም። ቦታዋ አንዲት ናት፤ ቀድሞ የገባው ተከራይቷታል። ይህችን ሕግ ልብ በሉልኝ፤ ያጣላችን እሷ ናት።

ወንድሜ የመጣው ገብሱን ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ከደባርቅ በላይ፣ ጉሙ ጠዋት እንደ እንግዳ ተነሥቶ ከሰዓት እንደ ባለቤት የሚመለስበት አገር ገበሬ ነው። ከመኪና ሲወርድ የግራ እግሩን እንደ ሰው ዕቃ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። አውራ ጣቱና ከአውራ ጣቱ ቀጥሎ ያለው ጠቁረዋል። ሆስፒታል ወሰድሁት። ስኳር አለበት ተባለ፤ ቆይቶበታልም ተባለ። ሐኪሙ በግልጽ ነገረን፤ ሁለቱ ጣቶች ቶሎ ይቆረጡ፣ ከዘገየ ወደ እግሩ ይወጣል፣ ያን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ጣት አይሆንም።

ወንድሜ ሰማና «ከመስቀል በኋላ» አለ።

ደጅ ስንወጣ ያዝሁት። «አያ፣ ምነው ዛሬ ብንጨርሰው?»

«ምን አስቸኮለህ? ጣቱ ያንተ አይደለ።»

«ይወጣል ብሏል እኮ።»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ። ወደ ቁርጭምጭሚትህ።»

«ዳገቱን ይችለዋል ብለህ ነው?» አለኝና ወደ ባጃጁ አነከሰ።

የፈራው ቢላውን አልነበረም። አውራ ጣት የሌለው ሰው እርጥብ መሬት ላይ እርፍ ይዞ ይቆማል ወይስ ይንሸራተታል፣ እሱን ነው የፈራው። ደግሞ የሱ እግር ተራ እግር አልነበረም። ወጣት ሳለን ገበያ ወርደን ዛሪማ ድረስ እንሄድ ነበር፤ ሊማሊሞን በጉም ውስጥ ስንወርድ ከፊታችን የሚታይ ነገር አልነበረም። እሱ ቆም ይልና ጫማውን አውልቆ መሬቱን ይረግጣል። «ገና ነን፣ ይቀዘቅዛል» ይላል። ትንሽ ወርደን ደግሞ ይረግጥና «ድብ ባሕር ደረስን» ይላል፤ ጉሙ ሲገለጥ እውነትም ድብ ባሕር ከሥራችን ናት። ዛሪማ ስንገባማ መሬቱ ይሞቃልና ረግጦ አይጨርስም፣ ይስቃል። አገሩን በእግሩ ነበር የሚያነበው። አሁን ያ እግር ዝም ብሏል።

ቤት መዋል ስላልቻለ ከእኔ ጋር ሱቅ መዋል ጀመረ። መደርደሪያ ላቆምበት ያሰብሁት ጥግ ላይ ሁለት ጆንያ ደርቤ መቀመጫ ሠራሁለት። ክረምት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቀኑ ሳይመሽ ይጨልማል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መነጋገር አይቻልም፤ መብራቱ ይጠፋል፤ ገዢ አይመጣም። በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ የምታበራው የእኔ ጌም ብቻ ነበረች። ወንድሜ አንገቱን አስግጎ ብዙ ቀን አየኝ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«አውሬ ነው፣ አያ።»

«የማን?»

«የኔ።»

«ምን ይበላል?»

«ምንም አይበላም።»

«ሸጋ ከብት ነው» አለና ከእጄ ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ እጄ የምትመለሰው ባትሪ ስትጨርስ ብቻ ሆነ።

ፊደሉን አያውቀውም። አላስፈለገውም። ምልክቶቹን በቀለም ለያቸው፤ ለቀለማቸውም የከብት ስም አወጣላቸው። የእንቅልፉ ግራጫ «ዳልቻው» ሆነ፤ የቃጠሎው «ቀዩ»፤ የመርዙ «ወይን ጠጁ»። «ዛሬ ዳልቻ ሆኖብኛል፣ ተወው ይንቃ» ይለኛል ሻይ ስናዝዝ። የሻይ ቤቱ ሰዎች እውነት ከብት እንዳለን አምነው ዋጋውን ጠይቀውኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሣሩ ውስጥ አባጨጓሬ መሳይ ነገር ወጥቶ አውሬውን መረዘበት። በኪሱ መድኃኒት የለም፤ መድኃኒት የሚሸጥበት ከተማ ሩቅ ነው። እኔ ብሆን ወደ ከተማው እሮጥ ነበር። እሱ ግን እንዳስተማርሁት ጨዋታውን ባለበት አስቀመጠና ዘጋው፣ ጌሟን በጋቢው ጫፍ ጠቀለላት።

«ምነው ዘጋኸው?»

«ይረፍ። የታመመ ከብት አይጠመድም።»

አልከለከልሁትም። የአውሬ ዕረፍት ለነጋዴ ይመቻል፤ ባትሪ ይቆጥባል። እሑድም አለፈ፣ በዓልም አለፈ፣ ሌላ እሑድም አለፈ። በአገሩ የታመመ በሬ እንዲህ አርፎ ይነሣል፤ ደግሞ ካልተነሣ ይሞታል፤ ከሁለቱ አንዱን ነው የጠበቀው። ሲከፍተው ግን አውሬው አልዳነም፣ አልሞተምም። ወይን ጠጁ በቦታው ነው፤ የነፍስ መስመሩም ያኔ የነበረበት ላይ ነው፤ አንዲት ጭረት አልጨመረም አልጎደለም። ወንድሜ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ አተኩሮ አየው።

«አልባሰበትም» አለ በመጨረሻ።

«አይብስበትም። ጨዋታው በተራ ነው፤ አንተ ካልተራመድህ መርዙም አይራመድም።»

«ይኸ መርዝ ይጠብቃል በለኛ።»

«ይጠብቃል» አልሁት። ገዢ ቢጠይቀኝ የምመልሰውን ነው የመለስሁት።

እሱም ሊያረጋግጥ አውሬውን በሣሩ መንገድ ላይ አራመደው። ጥቂት እንደ ሄደ ስክሪኑ ብልጭ ይላል፤ ነፍሱ ትቀንሳለች። ያቆመዋል፤ መርዙም ይቆማል። ያራምደዋል፤ ብልጭ ይላል። ልክ ጥርስ ሲያመን በምላስ እንደምንነካው እየደጋገመ ሞከረው። ከማግሥቱ ጀምሮ ወንድሜ መራመድ ተወ። ጠዋት ከባጃጅ ወደ ጆንያው፣ ማታ ከጆንያው ወደ ባጃጅ። እግሩን ካርቶን ላይ ሰቅሎ ይውላል። መጀመሪያ ደክሞት መስሎኝ ነበር። ቁስሉን የምታጥበው ነርስ ዘንድ በየጊዜው ስንሄድ ግን ከመኪናው እስከ በሩ ተሸከመኝ ሲለኝ ገባኝ። ጨዋታውን አስቀምጦ ዘግቶታል፤ ራሱን።

ሚስቴ ከእኔ ቀድማ ነው የገባት። «ወንድምህ እግሩን ይዞ መጣ፤ አንተ መጫወቻ ሰጠኸው» አለችኝ።

«እያሰበበት ነው።»

«እያሰበ አይደለም፣ እየጠበቀ ነው። ምን እንደሚጠብቅ አንተ ታውቃለህ።»

አወቅሁና ልከራከር ገባሁ። የተከራከርሁት ግን ክረምቱን ሙሉ ሕጉን ካጠናው ሰው ጋር ነው።

«አያ፣ እግርህ እንደ ጌሙ አይደለም። አንተ ብትቀመጥም እሱ ተራውን ይጫወታል።»

«አንድ ከብት ስንት ምልክት ይሸከማል?»

«አንድ።»

«የተኛው ይመረዛል?»

«... አይመረዝም።»

«እንግዲያ ተወኝ። የኔ እግር ዳልቻው ነው። ብትቆነጥጠው አይሰማም፣ ፍም ብታስጠጋበት አይሰማም። ተኝቷል። የተኛ ውስጥ መርዝ አይገባም፤ ራስህ ነህ ያልኸኝ።»

«እሱ የጨዋታ ሕግ ነው።»

«አንተ ነጋዴ፣ ሲመችህ ሕግ፣ ሳይመችህ ጨዋታ። ደግሞስ የት ነው የተጻፈው? በአውሬው ላይ ከስሙ አጠገብ ይለጥፉበታል። በኔ ላይ ማን ለጠፈብኝ?»

ይባስ ብሎ በጨዋታው አንድ ዘዴ አግኝቶ ነበር። አንዳንድ አውሬ ራሱን ያስተኛል፤ ሲተኛ ቁስሉ ሁሉ ይሽራል፣ የነበረበት መርዝም ይጠፋል፣ ከተወሰነ ተራ በኋላ እንደ አዲስ ይነቃል። ወንድሜ ከዚህ በላይ የወደደው ነገር አልነበረም። አውሬው ሲያንቀላፋ እያየ እሱም አብሮ ያንቀላፋል።

ከተዘረዘሩት ምልክቶች ውጭ መደናገር የሚባል አለ። እሱ ከስም አጠገብ አይለጠፍም፤ ያለው ላይ ይደረባል። የተደናገረ አውሬ ባላጋራዬን እመታለሁ ብሎ ራሱን ይመታል። በዚያ ክረምት መደናገሩ የኔ ነበር። አንድ ቃል በተናገርሁ ቁጥር የሚጎዳው የኔው ወገን ነው።

እኔም ከቻርጀሮቹ መካከል ተደግፌ አሸልባለሁ። ሳሸልብ ሊማሊሞ ላይ ነኝ። ጉሙ ከገደሉ ሥር ቀስ ብሎ እየተነሣ መንገዱን ይለብሰዋል። ከጉሙ ውስጥ አውሬዎቹ አንድ ባንድ ይወጣሉ። ኮቴያቸው አይሰማም። ግንባራቸው ላይ ምልክታቸው እንደ ኩራዝ ይበራል፤ ወይን ጠጁ፣ ቀዩ፣ ዳልቻው። ከኋላቸው ወንድሜ ይሄዳል፤ እግሩ መሬት አይነካም። «ወዴት ነው አያ?» ስለው «ወደሚሞቀው» ይለኛል። ልከተለው ስል ማዘዣው ቁልፍ እጄ ላይ የለም። ስነቃ ዝናቡ ያው ነው፤ ወንድሜም ጥጉ ላይ ያው ነው፤ ፊቱን የጌሟ ብርሃን ሰማያዊ አድርጎታል። ከሁለታችን የተኛው የትኛው እንደ ነበር አንዳንዴ አይለየኝም ነበር።

በዚያ ሰሞን ጌሟ ጠፋ ጠፋ ማለት ጀመረች። በካቻቢቴ የባትሪ ክዳኗን ከፍቼ ውስጧን ጠራረግሁ። ልገጥማት ስል ብሎኗ የለችም። የገብስ ፍሬ የማታህል ብሎን ናት። ወንድሜን አስነሥቼ ጆንያውን አራገፍሁ፣ ወለሉን ጠረግሁ፣ ጫማዬን አውልቄ አየሁ። በመጨረሻ ክዳኑን በፕላስተር ለጠፍሁትና ተውሁት።

«ፋሻ አደረግህላት፤ እሷስ አንድ ቀን ይሻላታል» አለ ወንድሜ።

ከዚያ በኋላ ቁስሉ የሚታጠብበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ነው፤ በመስኮቱ ሻሽ የመሰለ ጉም ይገባል። ነርሷ ዝምታ የምትወድ ሴት ናት። ቁስሉን አጥባ ከጨረሰች በኋላ ሐኪሙ አዝዟል ብላ ጫፉ ላይ ቀጭን ክር የተተከለበት እንጨት አመጣች።

«አባቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ። በዚህ ክር እግርዎን እነካለሁ። በነካሁዎት ቁጥር ‹አዎ› ይበሉኝ።»

«በተራ ነው?»

«በተራ ነው» አለች ሳቅ ብላ።

ወንድሜ ደስ አለው። ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ባለሙያ ተመቻቸ። ነርሷ ክሩን የግራ ውስጥ እግሩ ላይ አስደግፋ ጎበጥ እስኪል ተጫነችው። ወንድሜ ዝም። ሌላ ቦታ ተጫነችው። ዝም። እጇን አንሥታ ክሩን ልታስተካክል ስትል ቀሚሷ ኮሽ አለ።

«አዎ» አለ ወንድሜ።

ነርሷ ወደኔ አየች። እኔ ወደ ጉሙ አየሁ። ደግማ ነካችው፣ ዝም አለ። ክሩን አየር ላይ አቆመችው፣ «አዎ» አለ፤ ደግሞም ትንሽ ቆይቶ በኩራት «አዎ»። በጆሮው ነበር የሚጫወተው። እንዲህ እንዲህ እያለች ወደ ቀኙ፣ ወደ ደህናው እግሩ ተሻገረች። ከካልሲው አውጥታ ተረከዙን ወደ ብርሃኑ አዞረችውና ባለችበት ቀረች። ክሩን አስቀመጠች። መቆንጠጫ አነሣች።

ከተረከዙ ውስጥ አንድ ነገር ስትጎትት እያየሁ ነው። ሥጋው ተከትሎ ይነሣል፣ ይመለሳል። ወንድሜ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

«እህቴ፣ ተራው ያንቺ ነው፤ ምነው ዘገየሽ?»

የወጣው ነገር ብረት ሳህኑ ላይ ወድቆ ጮኸ። እሱን ሰማው።

«ምን ወደቀ?»

«ዓይንዎን ይግለጡ አባቴ» አለች።

ሳህኑን አስጠጋችለት። በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ብርሃኑ ያዛት፤ ደሟን በጋቢው ጠረጋት። የባትሪ ክዳኗ ብሎን ናት። ወንድሜ እሷን አየ፣ ተረከዙን አየ፣ ደግሞ እኔን።

«ይህች ያንተ አይደለችም?»

«የኔ ናት።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«አያ፣ ያን ቀን ስፈልጋት አይተኸኝ የለ። ጫማህ ውስጥ ገብታ ኖሯል።»

«ይኸኛው እግር እኮ ደህናው ነው» አለ። ለኔ አልነበረም የተናገረው። እግሩን እያየ ነው። ነርሷ ፋሻ እየፈታች «ስኳሩ አንዱን እግር መርጦ አይገባም» አለችው፤ እንደ ተራ ነገር፣ ድምጿን ሳታነሣ።

ጉሙ ከመስኮቱ ተመለሰ። ክፍሉ ውስጥ የሳሙና ሽታ ነበር።

«ስንት ተራ አለፈኝ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ብዙ።»

«ተኝቶ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በነቃ ነበር» አለ። ብሎኗን በመዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ያንን ሐኪም ጥሪልኝ፣ እህቴ። መስቀልን ለሌላ ነገር እንተወው።»

ሐኪሙ መጣና ግራ እግሩን እያገላበጠ ረጅም ጊዜ አየው። በዚያች ደቂቃ ወንድሜ ጆሮዬን ሳበና በሹክሹክታ «አንተ ነጋዴ ነህ፤ ሁለት ነው ያለው፣ ሦስት እንዳያደርግብኝ ተከራከርልኝ» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ተከራክሬአለሁ፤ በጣት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ዶክተር፣ አውራ ጣቱ እንኳ ቢቀር?» አልሁ።

«በዚህ አንከራከርም።»

«ግዴለም፣ ሁለቱን ብቻ በለን።»

«ዛሬ ከሆነ ሁለቱ ነው» አለ። «በሚቀጥለው ሳምንት ብትመጡ ዋጋው ሌላ ነው።» እንዲህ ያለ ነጋዴ ገጥሞኝ አያውቅም። ተስማማን።

ከወገቡ በታች አደንዝዘው ነው የሠሩት፤ አልተኛም ነበር። ምን እንዳየ በኋላ ጠየቅሁት። አረንጓዴ ጨርቅ ነው የጋረዱበት፤ እሱ ግን «ሣሩን ነው ያየሁት» አለኝ። ከጨርቁ ማዶ ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ዕቃ ይቀባበላሉ፤ እሱ ሣሩ ውስጥ ቆሞ ተራው እስኪደርስ ጠበቀ። ተራው ሲደርስ ምን እንደሚያዝዝ አላወቀም። «ዝም አልሁ፤ ዝም ስል አለቀ» አለ።

በእኛ አገር ከሰው የተቆረጠ ሥጋ አይጣልም፤ ባለቤቱ በመጨረሻው ቀን ሲነሣ ሙሉ ሆኖ መነሣት አለበት። ወንድሜ ገና ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለ ጣቶቹን ወደ ደብሩ እንድወስድለት አስማለኝ። ክዳን ባላት የፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ፣ ዕቃዋን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ በሚኒባስ ወጣሁ። ወለቃን አልፈን ሽቅብ ስንል ጉሙ ተቀበለን። መኪናው ውስጥ ሁሉም ሰው አንቀላፍቷል፤ የሹፌሩ መጥረጊያ መስታወቱ ላይ ይመላለሳል፤ ከመስኮቱ ውጭ አገር የለም። አጠገቤ የተቀመጠ ገበሬ ነቃ ብሎ ቦርሳዬን እንደ ታቀፍሁ አየና «የሚሰበር ነው?» አለኝ። «አይደለም፣ የዘመድ ነው» አልሁት። ራሱን ነቀነቀና ተመልሶ ተኛ። ጣቶቹ ከባለቤታቸው ቀድመው አገራቸው ገቡ።

ቄሱ ቅጥሩ በር ላይ አገኙኝና ነገሩን ነገርኋቸው።

«ፍትሐት ልታስፈታ ነው?»

«የለም አባ፣ ባለቤቱ በሕይወት አለ።»

«እንግዲያ ቅበርና ሂድ። የቀረው ሲመጣ እናያለን።»

ከጽዱ ዛፍ ሥር ቆፈርሁ። መሬቱ ይቀዘቅዝ ነበር፤ በእጄ ነው ያወቅሁት።

ወንድሜ ገብሱ ሳይታጨድ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከገበያ የገዛሁለትን ድፍን ጫማና አንድ የእጅ መስታወት ይዞ ሄደ፤ ነርሷ ናት ያዘዘችው። ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ይቀመጥና መስታወቱን መሬት አስቀምጦ ውስጥ እግሩን ያነባል፤ ተረከዙን፣ በጣቶቹ መካከል፣ ዳር ዳሩን። ጫማውን ከማጥለቁ በፊት ገልብጦ ያራግፈዋል። ጌሟንም ወስዷታል። አውሬውን ወዲያው ወደ ከተማው አስሮጦ መድኃኒት ገዝቶለታል፤ መንገድ ላይ ግን ነፍሱ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበር ነገረኝ። እኔ ጥጉ ላይ መደርደሪያውን አቆምሁ። ከሚስቴ ጋር ለመታረቅ ከመደርደሪያው በላይ ጊዜ ወስዷል።

በሚቀጥለው እርሻ መጀመሪያ ላይ እርጥቡ መሬት ጥሎታል። ተነሥቶ እርፉን ሲይዝ ክብደቱን ወደ ጫማው ውጪኛ ዳር አዛወረ። እንደዚያ አድርጎ አረሰ፤ ሲያርስ አይቼዋለሁ፤ ከኋላው ላየው ትንሽ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ትልሙ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ሁለት ጣት ተቀብሯል። ስምንት አለው። በሁለቱም እግሩ ይሄዳል።